አምፖል የሚበላ ዲቲ

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂው መምህር ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አላቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ሞተሩ የ6 ቮልት ነው። የፊት አምፖሉ ሲቃጠል ደሴ ሄጄ ባለ 15/15 ዋት (ለረጅሙም ለአጭሩም መብራት 15) ገዛሁ። ፏ ብሎ በራ፤ ማታ ከደሴ ቁልቁል ስወርድ ግን ብልጭ አለና ጠፋ፤ የኋላውም አብሮት ሄደ። ቀጥሎ ‹ይሄ ጠንካራ ነው› ተብዬ ባለ 12 ቮልት 60/55 ሃሎጂን አስገጠምኩ፤ ቀላ ብሎ ቀረ። አሁን ያለው ኤልኢዲ ነው። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልሰጥ) ይርገበገባል፣ የኋላውን አምፖል ደግሞ በየጊዜው ያቃጥልብኛል። ሞተሩ ካልተነሳ የፊት መብራቱ ጨርሶ አይበራም፤ ክላክስና ፍሬቻ ግን ይሠራሉ። የትኛውን አምፖል ልግዛ?»

መምህር፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። መልሱ ያለው ከጥያቄዎ በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ክላክስ እየጮኸ የፊት መብራት የማይበራ ከሆነ፣ መብራቱ ከባትሪው ጋር ጉዳይ የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ማግኔት ከባድ ብረት) ሥር ከተቀመጠው ኮይል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ቮላኖው በፈጠነ ቁጥር ኮይሉ ብዙ ይሰጣል፤ ሲዘገይ ይቀንሳል። ሚኒሞ ላይ መደብዘዙ እንግዲህ በሽታ አይደለም፣ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነው።

በሽታው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ባለ ማግኔት ሞተሮች ለመብራታቸው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚገድብ ዕቃ) የላቸውም። ፋብሪካው የተማመነው በአምፖሎቹ ዋት ነው። ኮይሉ የሚያመነጨውን የፊትና የኋላ አምፖል ተካፍለው ሲጨርሱት ቮልቱ 6 እና 7 አካባቢ ይረጋል። የመስኖ ቦይ ያጠጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ ውሃው ለሁለት ማሳ ተከፍሎ እየሄደ አንዱን በር ቢደፍኑት ሁሉም ወደ ሌላው ይዞርና መደቡን ያፈርሰዋል።

የእርስዎ ሞተር የፊት አምፖል ከፋብሪካ 25/25 ወይም 35/35 ሊሆን ይችላል፤ እንደ ተሸጠበት አገር ይለያያል። በዚያ ቦታ 15 ዋት ሲገባ ኮይሉ ያንኑ ያህል ማምረቱን አይተውም። የሚወስድለት ሲያጣ ቮልቱ ይወጣል። ለዚህ ነው አምፖሉ መጀመሪያ ላይ ያማረብዎት፤ ያ ውበት አምፖሉ ከአቅሙ በላይ ሲነድ ነበር። የአምፖል ክር ቮልት 10 በመቶ ሲጨመርበት ዕድሜው ከሲሶ በታች ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይዘው ሲወርዱ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ይዞራል፣ ቮልቱም ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ አምፖሉ እዚያው ያልቃል። እሱ ሲጠፋ ደግሞ ጠቅላላው በኋላው ባለ 5 ዋት ላይ ይወርድበታል። ኤልኢዲውም ጥፋቱ ይኸው ነው፤ የሚወስደው 8 ወይም 10 ዋት ቢሆን ነው፣ የተረፈውን የኋላው ይቀበላል።

ያለፉትን አምፖሎች ካልጣሏቸው አውጥተው በብርሃን ይመልከቷቸው። ብርጭቆው ውስጡ ጠቁሮ ወይም ብርማ ጭስ ይዞ፣ የተበጠሰው ክር ጫፉ ላይ ትንሽ ድብልብል ኳስ ሠርቶ ከታየ ክሩ ቀልጧል፤ ቮልት በዝቶበት ነው። ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ክሩ ቁርጥ ብሎ ከተንጠለጠለ የገደለው ንዝረት ነው፤ ያኔ የመብራቱ ቤት የተያዘባቸው ጎማዎች መድረቃቸውን ይመልከቱ። ውስጡ ነጭ ዱቄት ከለበሰ ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ገብቷል፣ ሞተሩ የለበትም። ብዙ ሰው የተቃጠለ አምፖል ወርውሮ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ነጋዴውን ሊሳደብ ይሄዳል። ፎርጅድ ሞልቷል፣ አልክድም፤ ግን አምፖሉ ራሱ ምን እንዳገኘው ስለሚናገር መጀመሪያ እሱን ይዩ።

ባለ 12 ቮልቱ ሃሎጂን የቀላው ለምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። የ12 ቮልት አምፖል በ6 ቮልት ሲበራ የሚሰጠው ብርሃን ከሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ደግሞም ያ አምፖል ኤች 4 የሚባለው መሆን አለበት። ባለ ሁለት ክሩ ኤች 4 የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቀመጫው ሰፊና ባለ ሦስት ጆሮ ስለሆነ የእርስዎ ዓይነት አሮጌ መብራት ውስጥ ሳይሞረድ ወይም ሳይጣመም አይገባም። አንድ ሰው ሞርዶ ካስገባልዎት ክሩ ከትክክለኛ ቦታው ወጥቷል። ሰሃኑ (ያ ውስጡ የሚያብረቀርቀው) ብርሃኑን ወደ መንገድ የሚልከው ክሩ በተሰላለት ነጥብ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ብርሃኑ ዛፍ ላይ ይወጣል ወይም ጎማው ሥር ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው። የመብራቱን ቀለበት ይፍቱና ሰሃኑን ያውጡ። ከኋላው የሽቦ ጥቅል ያገኛሉ። ያማሃ ላይ ጥቁሩ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ኮይሉ የሚመለስበት መስመር) ነው፣ ቢጫው ረጅም መብራት፣ አረንጓዴው አጭር። (ሆንዳ ላይ አረንጓዴው ማሳ ነው፤ ሆንዳ ሲሠራ የኖረ እጅ ያማሃ ሲነካ በዚህ ይሳሳታል። ከእርስዎ በፊት ሞተሩን የነካው ማን እንደሆነ ስለማናውቅ ቀለሙን ብቻ አይመኑ፣ በቴስተር ያረጋግጡ።) የጥቁሩን ሽቦ ጫፍ በሁለት ጣት ይያዙትና ያዟዙሩት። አረንጓዴ ዱቄት ጣትዎ ላይ ከቀረ መዳቡ ተበልቷል፤ ጤናማው መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆርጠው አዲስ ተርሚናል በስታኞ ያያይዙለት።

ማሳ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ከደበዘዘ መብራት ጋር ወደ እኔ ከሚመጡት አሮጌ ሞተሮች የሚበዙት እዚህ ላይ ነው የሚድኑት። በብዙ አሮጌ ሞተር የፊት መብራት ማሳ የሚያርፈው መብራቱን በያዘው ብረት ላይ ነው። ያ ብረት መሪውን ይዟል፤ መሪው ደግሞ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በኩሽኔታ ነው፤ ኩሽኔታው በግራሶ ተቀብቷል። ኤሌክትሪኩ እንግዲህ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግራሶና ዝገት አቋርጦ ነው። ባለ 12 ቮልት ሞተር ላይ ግማሽ ቮልት ቢጠፋ ብዙም አያስታውቅም። የ6 ቮልት ሞተር ላይ ግን ግማሽ ቮልት ከጠቅላላው 8 በመቶ ነው፤ ቮልት 10 በመቶ ሲጎድል ደግሞ ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይሄዳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ከአምፖሉ ማሳ አንስተው በቀጥታ ሞተሩ ብሎክ ላይ ወዳለ ቡሎን ይውሰዱት። ቡሎኑ የሚቀመጥበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ይፈግፍጉ፣ ካሰሩ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት። መሪው ወዲያና ወዲህ ሲዞር ሽቦው እንዳይወጠር ላላ አድርገው ይተዉት። ለኋላ መብራትም እንዲሁ ያድርጉ፤ የጭቃ መከላከያው ላይ ያለው ማሳ ከፊተኛው የባሰ ነው።

ከዚያ መሪው ላይ ያለውን የረጅምና አጭር ማብሪያ ይክፈቱ። በብዙዎቹ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ለቅጽበት ሁለቱንም ክር አብሮ እንዲያበራ ነው የተሠራው። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ በመካከል ሁለቱም ቢጠፉ ያቺ ቅጽበት የኋላውን አምፖል ለመግደል ትበቃለች። ምላሱ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ቀጭን ብረት) በቆሻሻ ከተሸፈነ ይህ ይጠፋል። በነጭ ጋዝ ያጽዱት፣ በስስ ወረቀት ይንኩት፣ ምላሱን አያጣሙት።

አምፖሉን አሁን መግዛት ይችላሉ። የሚፈልጉት 6 ቮልት፣ የመቀመጫው ዓይነት ከበፊቱ ጋር አንድ የሆነ፣ ዋቱም ፋብሪካው የጻፈውን ያህል የሆነ ነው። የተለመደው ሁለት ትንንሽ እሾህ በጎኑ ያለው፣ ተጭነው የሚያዞሩት፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ሳጥኑ ላይ ቢኤ20ዲ ይባላል። አንገቱ ላይ ክብ የብረት ቀለበት ያለው ደግሞ ፒ15ዲ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። አሮጌውን አምፖል ኪስዎ ከተው ይሂዱና ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ «ያው ነው» የሚልዎትን አይስሙ። ከኋላው 5 ዋት ሁለት ይግዙ፣ አንዱ ከሞተሩ ኮርቻ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ለፊት መብራቱ ያው የአምፖል መቀመጫ ያለው ባለ 6 ቮልት ሃሎጂን ካገኙ ዋቱ እስከተመሳሰለ ድረስ ይግዙት፤ ብርሃኑ ነጣ ያለ ነው። ብርጭቆውን በእጅ አይንኩ፤ የእጅ ወዝ ያለበት ቦታ ከልክ በላይ ይግልና ይሰነጠቃል። ከነኩት በአልኮል ይጥረጉት።

ሰሃኑን በደረቅ ጨርቅ አይፈትጉ፣ ልባሱ ይነሳል። ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ይበቃዋል። ብርማ ቀለም የሚነፉበት አሉ፤ ይህ ለዓይን ያምራል እንጂ ብርሃኑን ይበትነዋል። ልባሱ ከተነሳ ሌላ ሰሃን ከመፈለግ በቀር መላ የለውም።

ኤልኢዲ በጭራሽ አይሆንም አልልም። ግን አሁን ባለው መስመር ላይ አይሆንም። ኮይሉ የሚሰጠው ተለዋጭ (ኤሲ) ኤሌክትሪክ ስለሆነ ኤልኢዲው ይርገበገባል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከ9 ወይም ከ12 ቮልት በላይ እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው፣ ሚኒሞ ላይ ነፍሳቸው ወጣ ገባ ይላል። ከፈለጉት ሞተሩን ወደ 12 ቮልት ማዞር ነው። የመብራት ኮይሉ ማሳ ይነሳለታል ወይም ኮይሉ ቀጠን ባለ ሽቦ እንደገና ይጠቀለላል፣ ሬጉሌተር ሬክቲፋየር (ቮልቱን የሚገድብና ተለዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ የሚያደርግ ዕቃ) ይገባል፣ ባትሪው፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻው ብልጭታ ሳጥንና አምፖሎቹ ሁሉ ይለወጣሉ። የእሳት ማቀጣጠያው ኮይል ለብቻው ነው፣ አይነካም። ይህን ሲያደርጉ ግን 30 ዋት የሚሰጥ ኮይል 100 ዋት አይሆንም፤ የሚያገኙት የማይዋዥቅ 12 ቮልት ነው፣ እሱ ላይ ባለ 10 ዋት ጥሩ ኤልኢዲ ሸጋ ይሠራል። ሲመርጡ ቺፑ አሮጌው ክር የነበረበት ቦታ ላይ የሚያርፈውን ይምረጡ። ለእኔ ግን፣ ከሐይቅ ደሴ ማታ ማታ ለሚመላለስ አንድ መምህር፣ ንጹሕ ማሳና ትክክለኛ 25 ወይም 35 ዋት አምፖል ከዚህ ሁሉ ወጪ ይሻላል።

በመጨረሻ የመብራቱን አቅጣጫ ያስተካክሉ። እንደ ወትሮው ተጭኖ፣ እርስዎም ተቀምጠው፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ያቁሙ። አጭሩ መብራት ላይ የብርሃኑ ላይኛ ጫፍ ከአምፖሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። የብርሃኑ ጠርዝ በአንድ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ወደ ቀኝ ነው መውጣት ያለበት። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳ፤ ለሕንድ ወይም ለኬንያ መንገድ የተሠራ መብራት ግን ወደ ግራ ይወጣና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። የደሴ ጉም ውስጥ ደግሞ በረጅሙ አይንዱ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የሚመታው እርስዎን ነው።

ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው፣ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር አምፖሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ። ከ6 እስከ 7 ካሳየ ጨርሰዋል። ከ8 በላይ ከሆነ የአምፖሉ ዋት አንሷል። አዲሱ የማሳ ሽቦ ገብቶም ከ5 በታች ከሆነ አምፖል መቀያየሩን ይተዉት፤ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም የቮላኖው ማግኔት ደክሟል። ቮላኖውን ራስዎ በመዶሻ እየመቱ ለማውጣት እንዳይሞክሩ፤ የራሱ መፍቻ አለው፣ መዶሻው ማግኔቱንም የአልቤሮውንም (ቮላኖው የሚታሰርበት ዘንግ) ጥርስ ይጨርሰዋል። መፍቻው ያለው ጋራዥ ይውሰዱት፣ ከኮይሉ የሚወጣውን ሽቦም እዚያው አብረው ያስለኩት።