ሦስት ደቂቃና የቆቦ ማሽላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ቆቦ አካባቢ ማሽላን ስለሚያጠቃው አቀንጭራ (ስትራይጋ) ስለሚባል ጥገኛ አረም ነው። የአገሬውን ደጋሊትና ጅጉርቴ፣ ጎብዬና አብሽር ከሚባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ጋር ጎን ለጎን ዘርቼ ሁለት ክረምት ተከታትያለሁ። አሁን ተመራቂዎች ጥናታቸውን ለከተማው ሕዝብ በአማርኛ የሚያቀርቡበት ውድድር ተዘጋጅቷል፤ የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃና አንድ ስላይድ ብቻ ነው። 94 ገጽ እንዴት አድርጌ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ላስገባ? አማካሪዬ «ሳይንሱን እንዳታራክሺው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ እንጀራ ስትጋግር ባነብላት «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ብላኝ ወደ ምጣዷ ዞረች። ለውድድሩ የጻፍኩትንም፣ ሙሉ ጥናቱንም ልኬልዎታለሁ።
ተማሪዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ፈርደዋል። የገባው ሰው ይጠይቃል፣ ይከራከራል፤ ያልገባው እናት ከሆነ «ጎበዝ» ይላል።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርሽን አንባቢም ይየው፦ «ስትራይጋ ሄርሞንቲካ የተባለው ጥገኛ አረም ከሰሃራ በታች በሚገኙ የአፍሪካ አገሮች በሰብል ምርትና ምርታማነት ላይ ከፍተኛ ኢኮኖሚያዊ ጉዳት ከሚያደርሱ ተግዳሮቶች መካከል በዋነኝነት የሚጠቀስ ነው።» ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ 14 ሴኮንድ ወሰደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሽላ አልተጠራም፣ ቆቦ አልተጠራም፣ ሰው የሚባል ፍጡርም ብቅ አላለም።

አልስቅብሽም፤ እኔም እዚያው ቆቦ አሳፋሪ ታሪክ አለኝ። በ1979 ዓ.ም. ወጣት የልማት ሠራተኛ ሳለሁ በአንድ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ፣ ዋርካ ሥር ቆሜ ስለ አቀንጭራ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ መሆኑን፣ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር እንደምትበትን፣ ያ ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ እንደሚቆይ፣ የማሽላ ሥር አጠገቡ ደርሶ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲነካው ብቻ እንደሚበቅል አስረዳሁ። ግማሹ ተሰብሳቢ አንቀላፋ። ስጨርስ አንድ ሸህ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «እንግዲያው ማሽላው ራሱ ነው የሚጠራው በለና!» አሉ። እንቅልፋሙ ሁሉ ነቃ። ቀጠሉ፦ «ታዲያ አፉን የምናስይዝበት መላ አለህ?»

መላ አልነበረኝም። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ሲታይ ከሥር ለሳምንታት ሲጠባ ከርሟል፤ እኔ ግን የያዝኩት ምክር «ሳያብብ ንቀሉት» የሚል ብቻ ነበር። ለመጪው ዓመት ዘሩን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ለዘንድሮው ማሽላ ብዙም አይፈይድ።

የሸሁን ጥያቄ የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያንን ጥሪ በጣም ትንሽ ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዘሮችን ለይቶ አዳቀለ፤ አፋቸውን የያዙ ማሽላዎች በዪኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለው በማሽላ ሥራው ነው። አንቺ የዘራሻቸው ጎብዬና አብሽር የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው። (አብሽር የሚባል ዘር ለወሎ ገበሬ ማቅረብ ራሱ ግማሽ ቅስቀሳ ነው።)

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ጥናትሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ገጽ 71 ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሣሁ። አብሽር በተዘራበት መደብ አቀንጭራው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ገበሬ «አገዳው አጭር ነው፤ በሬዬ ምን ሊበላ ነው? ቤቴንስ በምን ልክደን?» ብለውሻል። አንቺ ግን ይህን «የአርሶ አደሮች ምርጫ» በሚል ንዑስ ርእስ ሥር፣ በሦስት መስመር ቀበርሽው! ለአካባቢው መግለጫና ለዝናቡ ሠንጠረዥ 12 ገጽ ሰጥተሽ። የሦስት ደቂቃሽ ወሬ እኮ ይኸው ነው፤ አፉን የሚይዘው ማሽላ ተገኝቷል፣ አገዳው ግን አጠረ። ደጋሊት ረጅም ነው፣ ግን ለፍላፊ ነው። ገበሬው በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ አንቺም ሁለት ክረምት ያሳለፍሽው እዚያው መካከል ነው። የቀረውን 93 ገጽ ለፈታኞችሽ ተዪላቸው።

አማካሪሽ ስለ ማራከስ ያሉት ግን ከንቱ ስጋት አይደለም። «ማሽላው አቀንጭራን ይጠራል» ብለሽ ካቆምሽ ተሳስተሻል። ሥሩ ያን ንጥረ ነገር የሚያወጣው አፈር ውስጥ ምግብ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመሳብ ነው፤ ፎስፈረስ ባነሰው ድኻ መሬት ላይ ደግሞ አብዝቶ ያወጣል። «ማሽላው የሚጣራው ወዳጁን ነው፣ ሌባው ግን ጆሮውን ጥሎ ይሰማዋል» ብትዪ ሳይንሱም አይዛባ፣ ዓረፍተ ነገሩም አይረዝም። በተረፈ ያየሽው በአንድ ወረዳ፣ በሁለት ክረምት መሆኑን ሳታፍሪ ተናገሪ። «ለአፍሪካ የምግብ ዋስትና መፍትሔ» የምትለዋን መዝጊያ ሰርዣታለሁ፤ ይቅርታሽን።

ስላይድሽ ላይ አራት ግራፍ አይቻለሁ። አራቱንም አንሺያቸው። በምትኩ አቀንጭራ ያበበበትን ማሳ ፎቶ አድርጊ። ወይን ጠጅ አበባው በእውነት ያምራል፤ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ «እንዴት ያለ ውብ አበባ ዘርታችኋል!» ብለው ገበሬዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። አዳራሹም መጀመሪያ «ያምራል» ይበል፣ ምን እንደሆነ ከዚያ ትነግሪያቸዋለሽ። የማሽላ አገዳ ይዘሽ መድረክ ለመውጣት ማሰብሽን ግን ተዪው፤ በዚህ ዓይነት ውድድር ዕቃ ይዞ መውጣት ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም።

የዚህ ዓይነቱ የሦስት ደቂቃ ውድድር፣ ካላወቅሽ፣ የተጀመረው አውስትራሊያ ውስጥ በክዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2008 ነው። አገሩን ድርቅ መትቶት ነዋሪው ሦስት ደቂቃ በምትቆጥር ትንሽ ሰዓት እየለካ ገላውን ይታጠብ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። 80,000 ቃል ያለውን የዶክትሬት ጽሑፍ ሙሉውን ለማቅረብ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል እያሉም ያስተዋውቁታል። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በሦስት ደቂቃ 290 ያህል ቃል ነው የሚወጣኝ፤ አንቺ 250 ጽፈሽ የቀረውን ለትንፋሽና ለሳቅ ተዪው። ደወሉ ከተደወለም አመስግነሽ ውረጂ።

መጀመሪያ ግን በገበሬው ጥያቄ፣ በበሬው ጀምረሽ እንደገና ጻፊውና ምጣዱ አጠገብ ሂጂ። እናትሽ ዞር ብለው ምን እንደጠየቁሽ ጻፊልኝ። አብሽሪ።