ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ይተኛል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወታደር ነው። 6 ዓመት ካምፕ ኖሮ አሁን ለፈቃድ ደሴ መጥቷል። ቧንቧ ውሃ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ከእናቱና ከልጃችን ጋር ነን፤ አልጋችንን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ካምፕ እያለ ስደውልለት መልሱ ሁሌም «እሺ፣ ደህና፣ በቃ» ነበር። አሁን ደግሞ የብረት ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ይተኛል። ባለፈው ጓደኛው ሊጠይቀን መጥቶ ሲጫወት፣ የኔና የሱን ጠብ ከነዝርዝሩ ያውቀዋል። ሌላ ሴት ያለችው ይመስለኛል። ቁልፉን ፒያሳ ወስጄ ላስቀርጸው? የቀረው 12 ቀን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር። በሁለተኛው ስልኩ ላይ ቆምኩ። ከሱ ልጀምር።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ስትደውይለት የት እንዳለ አስቢው። ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ከበላዩ አንዱ ተኝቷል። ከጎኑ ሌላው ቦት ጫማውን ይወለውላል። ሦስተኛው ዘፈን ከፍቷል። «ናፈቅሽኝ» ቢል ክፍሉ በሙሉ ይሰማል፤ በማግስቱ ቁርስ ሰልፍ ላይ ቃሉን እየደገሙ ይስቁበታል። ስለዚህ ንግግሩን በዙሪያው ባለው ጆሮ ልክ ይመጥናል። አንቺ ጋ የሚደርሰው ትርፉ ነው።

ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. የጦር ካምፕን ከእስር ቤትና ከገዳም ጋር መድቦት ነበር። ሰው የሚተኛበት፣ የሚሠራበትና የሚዝናናበት ቦታ አንድ የሆነበት ኑሮ ነው ብሎ። እዚያ አልጋው የመንግሥት ነው። ልብሱ የመንግሥት ነው። ሰዓቱ የአዛዡ ነው። የሱ የሆነችው ያቺ ሳጥን ብቻ ናት። 6 ዓመት ሙሉ ቁልፏን አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው፣ ቤቱ ስለገባ ብቻ በአንድ ሌሊት አይፈታትም።

ባውምና ቫሊንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ዶርሞችን አጥንተው ነበር። ከ30 በላይ ሆነው አንድ ኮሪደርና መታጠቢያ የሚጋሩትን፣ ከ4 እስከ 6 ሆነው ከሚኖሩት ጋር አነጻጸሩ። ብዙ ሆነው የሚኖሩት ከዶርሙ ውጭ እንኳ፣ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከማያውቁት ሰው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቀና ብለውም ብዙ አላዩትም። ልማዱ ተከትሏቸው ወጥቷል። ባልሽም የመጣው ወዴት ነው? አራት ሆናችሁ ወደምትኖሩባት አንዲት ክፍል። እናቱ ሲያስሉ ትሰሚያለሽ፤ እሳቸውም እናንተን ይሰማሉ።

ሌሊት እየጮኸ የሚባንን፣ እንቅልፍ ጨርሶ የራቀው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አብረሽው ሂጂ።

ጓደኛው ጠባችሁን ማወቁ ደግሞ የሚታለፍ አይደለም። ላውድ አድርጎ ሲያወራ ሰምቶ ይሆናል። ወይም ባልሽ ከፍቶት አጫውቶታል። ካምፕ ውስጥ ጓደኛ እንደ ወንድም ነው፤ ይገባኛል። ግን ምስጢሩ ያንቺም ነው። እንዲህ በይው፦ «ሲከፋህ ያንተን ንገረው። የኔን ግን ለኔ ተውልኝ።» ሳትጮኺ፣ ሳታለቅሺ፣ አንድ ጊዜ በይው።

ስለ ሌላ ሴት ከዚህ ሆኜ መማል አልችልም። ሳጥኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። ደመወዙ ያለ ምክንያት የሚጎድል ከሆነ፣ የፈቃዱን ቀን ዋሽቶሽ ከሆነ፣ ያኔ ፊት ለፊት ጠይቂው። ቁልፍ ቀራጭ ጋ አትሂጂ። ምንም ባታገኚ እንኳ አንገቱ ላይ ያለችውን የመጨረሻ የራሱን ነገር ወስደሽበታል። ከዚያ በኋላ የሚቆልፈው አፉን ነው።

ይልቅ ለሳጥኑ ቦታ ስጪው። ከአልጋው ሥር ጥጉን አጽጂና «ይህ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካውም» በይው። ከውጭ ሲገባም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትጠይቂው ተዪው። አንቺስ? በዚያች ክፍል ውስጥ ያንቺ ብቻ የሆነ ምን አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ከሌለሽ አንድ የምትቆልፊው መሳቢያ ይኑርሽ፤ እሱም እንዲያውቀው አድርጊ።

የምታወሩበት ቦታም ያስፈልጋችኋል። እናቱን ልጁን ይዘው ጎረቤት ቡና እንዲጠጡ ለምኛቸው። አቦል ላይ የተቀመጠ በረካ ሳይጠጣ አይነሳም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገኛላችሁ። ቤቱ ከጠበባችሁ በጦሳ ተራራ በኩል በእግር ውጡ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል፤ በተለይ ስሜቱን ማውጣት ላልለመደ ወንድ።

ከመሄዱ በፊት ደግሞ ስለ ስልኩ ተስማሙ። ሰው መሃል ሆኖ «ልጁ በላ?» ካለሽ፣ ናፍቀሽኛል ግን ማውራት አልችልም ማለቱ ይሁን። አንቺም «በላ» በይውና ዝጊው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ተረኛ ካልሆነ፣ ከክፍሉ ወጥቶ ብቻውን ሆኖ ይደውልልሽ። ቀኑን አሁኑኑ አብራችሁ ምረጡ።