«ማን ሊቀጥርሽ ነው?» ላሉሽ አባትሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነሽ። ፒሲኤስኬ9 በተባለው ኢንዛይምና በጂኑ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት አምሮሻል። አባትሽ ደግሞ «የማይታይ ነገር አጥንተሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው? አቋርጪና ፋርማሲ ጀምሪ» ብለውሻል።

አታቋርጪ። አባትሽን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ሦስት ዓመት ጥሎ ከሀ መጀመር ደመወዝ የምትይዢበትን ቀን ያርቀዋል። የቤቱ ችግር ገንዘብ ከሆነ የሚጎዳችሁ ይኸው ነው።

ታሪኩን ንገሪያቸው። ፒሲኤስኬ9 ፕሮቲን ከሚቆርጡ ኢንዛይሞች ወገን ነው፤ የሚቆርጠው ግን ራሱን ብቻ ነው! ከዚያ ከጉበት ይወጣና መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅሙ የሴል ተቀባዮችን ይዞ ያስጠፋቸዋል። ጂኑ ክሮሞዞም 1 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሌስትሮላቸው በዘር ከፍ ባለ የፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ የጂኑ ለውጥ ታወቀ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ጂኑ የማይሠራላቸው ሰዎች ተገኙ፤ ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ፣ ልባቸውም ከሕመም የተጠበቀ ነበር። በ2015 ኢንዛይሙን የሚያግዱ መርፌዎች ተፈቀዱ። በ12 ዓመት ውስጥ! ያን ሁሉ ደም የቀዳ፣ የለካ፣ ዲኤንኤ ያወጣ ሰው ደመወዝ ይበላ ነበር።

እኔ ምክር ከመጀመሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ለሥራ ስፈተን የመመረቂያ ርዕሴን የጠየቀኝ አልነበረም። «ማሽኑን ታውቂዋለሽ?» ነው የተባልኩት። ስለዚህ ጽሑፍሽን ኮምፒውተር ላይ ብቻ አትሥሪው። ዲኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) በገዛ እጅሽ የምትሠሪበት ይሁን። ኬሚካል ውድ ነው ካሉሽ ናሙናውን ቀንሺ እንጂ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ አትራቂ። የሆስፒታል ላቦራቶሪ የራሱን የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለአንቺ ቅርቡ የምርምሩ በር ነው። ጎንደር ውስጥ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ክረምት ላይ በነፃም ቢሆን ልምምድ ጠይቂ። ቱቦ ማጠብም ቢሰጡሽ ግቢ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው አትጨነቂ፤ በቀን አንድ ገጽ አንብቢ። በደብዳቤሽ ያነሳሽውን ወደ አረብ አገር መሄድ ግን ከምርቃት በፊት አታስቢው።

ለታናናሾችሽ ከመጀመሪያው ደመወዝሽ ጀምሮ ሁሉንም እንደምትልኪ ጽፈሻል። ግማሹን ላኪ። እኔ ሁሉንም ልኬ ሁለተኛ ዲግሪዬን አምስት ዓመት አዘግይቻለሁ። ይህን ለአባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው፤ ቡና ላይ፣ እናትሽም ባሉበት።