ስለ ተከታታይ ቁጥሮች ጠይቁኝ፦ እንጨቱን ሳይሆን ክፍተቱን ቁጠሩ

ሰላም ናችሁ፣ የደሴና የአካባቢው ልጆች። በቃሌ መሠረት መጥቻለሁ። ሲኩዌንስና ሲሪስ (ተከታታይ ቁጥሮችና ድምራቸው) ላይ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ እስከ በረካው ድረስ እዚሁ ነኝ። አስቀድሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። 12ኛ ክፍል ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ከባዱ ላይ አልነበረም። ኤን ሲቀነስ አንድ በሚባለው ላይ ነበር።

ተማሪ ከኩታበር፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው 7፣ ልዩነቱ 4 ከሆነ 20ኛው ስንት ነው? እኔ 87 አገኘሁ፣ መልሱ ግን 83 ይላል።

መልስ፦ 83 ነው። አንተ 4ን 20 ጊዜ ደመርክ። ግቢያችሁ አጥር አለው? ውጣና እየው። 20 የባሕር ዛፍ እንጨት ብትተክል በመሃላቸው ያለው ክፍተት 19 ነው። 7 የመጀመሪያው እንጨት ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ምንም አልተራመድክም። 19 በ4፣ 76። 7 ጨምርበት፣ 83። እንጨቱን ሳይሆን ክፍተቱን ቁጠር።

ባለ ሱቅ ከኮምቦልቻ፦ እኔ እንኳ ተማሪ አይደለሁም ጋሼ። በመጀመሪያው ሳምንት 50 ብር፣ ከዚያ በየሳምንቱ 10 ብር እየጨመርኩ ብቆጥብ በ52 ሳምንት ስንት ይሆንልኛል? አንድ በአንድ ስደምር ደከመኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አንድ በአንድ አይደመርም። መጀመሪያ የመጨረሻዋን ሳምንት ፈልጊ። እስከ 52ኛው ያለው ክፍተት 51 ነው። 51 በ10፣ 510፤ ከ50 ጋር 560 ብር። አሁን ጫፍና ጫፉን አጋጥሚ። 50 እና 560፣ 610 ነው። 60 እና 550፣ አሁንም 610። 70 እና 540፣ ያው 610። እንዲህ እያልሽ ወደ መሃል ስትገቢ 26 ጥንድ ታገኛለሽ። 26 በ610፣ 15,860 ብር። ቀመሩ እንዳለ ይኼው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ልብ በይ፣ ሲደመር የሚቆጠረው 52ቱም ነው። ብሩን የምታስቀምጪው እንጨቱ ላይ ነዋ። ለመድረስ ክፍተት፣ ለመደመር እንጨት። ይህን ያምታታችሁ ሁሉ ትወድቃላችሁ።

ስም የለሽ፦ 1፣ 2፣ 4 ... ቀጣዩ ስንት ነው? ቶሎ በሉ።

መልስ፦ ደንቡስ?

አባል ከወልድያ፦ 8 ነው እንጂ! እጥፍ እየሆነ ነው የሚሄደው።

አባል ከሐይቅ፦ 7 ነው። 1 ጨመረ፣ 2 ጨመረ፣ አሁን 3 ይጨምራል።

አባል ከወልድያ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ 7 የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ አሁን አየህ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጥያቄው ነው ያልተጠየቀው። ሦስት ቁጥር ብቻ ወርውራችሁ ደንቡን ሳትነግሩኝ አትምጡ።

አባል ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ለኢንትራንስ ከዚህ ምዕራፍ የትኛው ይወጣል?

መልስ፦ አላውቅም። ሁሉንም አንብብ።

አባል ከደሴ፦ አንድ ጓደኛዬ ገንዘብ አስገባና ሦስት ሰው አምጣ፣ እነሱም ሦስት ሦስት ያመጣሉ አለኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ በ3 አባዛው። 1፣ 3፣ 9፣ 27። ገና ሲጀመር ደስ ይላል። ከአንድ ሰው ተነስተህ 18 ጊዜ በ3 ስታባዛ ግን 387,420,489 ሰው ያስፈልግሃል። ይህ ከአገራችን ሕዝብ እጥፍ በላይ ነው። የመጨረሻው ዙር ብቻውን ከቀደሙት ሁሉ ድምር ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ገንዘቡን የሚያጣው ያ ዙር ነው። ብርህን ያዝ።

አባል ከሐርቡ፦ ማለቂያ የሌለው ድምር እንዴት ቁጥር ይሆናል?

መልስ፦ አንድ እንጀራ ግማሹን ብላ፣ የቀረውን ግማሽ ብላ፣ የቀረውን ግማሽ። ከአንድ እንጀራ በላይ አትበላም። በቃ።

ዲያቆን ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ባሕረ ሐሳብም፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ ሒሳብ፣ ሲኩዌንስ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህችን ስጠብቅ ነው የዋልኩት! አበቅቴን፣ የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ዓመት ላይ ያለውን የቀን ትርፍ፣ ተመልከት። የ2015 9 ነው፣ የ2016 20፣ የ2017 1፣ የ2018 12፣ የ2019 23። በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ 30 ሲያልፍ 30 ይገደፋል። 20 እና 11፣ 31፤ 30 ሲገደፍ 1። ለምን 11? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ ዓመት 354። የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቁጥር፣ መጥቅዑን፣ ደግሞ አበቅቴውን ከ30 ቀንሰህ ታገኘዋለህ፤ የ2018 18 ነው።

አሁን የ2018ን ከሥሩ እንሥራው። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018፣ 7518። ለ19 ስታካፍለው 13 ይተርፋል። እዚህ ላይ የኔታ ምን ይላሉ? አሐደ አእትት ለዘመን። አንዱን ቀንስ! ወንበሩ፣ ማለትም ከዙሩ የተፈጸሙት ዓመታት ቁጥር፣ 12 ሆነ። 12 በ11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12። ልጅ ሆኜ ይህን በቃሌ ስወጣው ለምን አንድ እንደሚቀነስ አልጠየቅሁም። የገባኝ አርጅቼ፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ያለንበት ዓመት ገና አላለቀም። የሚቆጠረው የተፈጸመው ነው። ያው ክፍተት!

ሌላም አለ። 19 በ11፣ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፣ አይዘጋም። ስለዚህ ንዑስ ቀመሩ፣ ማለትም የ19 ዓመቱ ዙር፣ አልቆ እንደገና ሲጀምር 11 ሳይሆን 12 ትዘላለህ። ከወንበር 18 ተነስተህ ሞክረው።

አባል ከባቲ፦ ወላሂ ጋሼ፣ ያ 11 እኛም ጋ አለ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል።

መልስ፦ ማሻአላህ! ጨረቃዋ ያችው አይደለች? በ33 ዓመት ገደማ ወቅቱን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል።

አባል ከወረባቦ፦ በቀመር ሳይሆን በዓይን ታይታ ነው የሚያዘው። አንዳንዴም 10 ነው፣ አንዳንዴም 12።

አባል ከባቲ፦ ወደ 11 አልኩ እኮ!

መልስ፦ አትጣሉ። ጨረቃ በዓይን ትታያለች፤ ሒሳቡ የት ቀን አካባቢ ቀና ብለህ እንደምትጠብቃት ነው የሚነግርህ። 11 እዚህ አማካይ ነው እንጂ ቋሚ ልዩነት አይደለም።

አባል ከወልድያ፦ የባቲ ገበያም ሲኩዌንስ ነው እንግዲህ። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ። ልዩነቱ 7!

አባል ከባቲ፦ ቀልደህ ሞተሃል። መጥተህ ፍየል ግዛ።

ስም የለሽ፦ 5፣ 8፣ 11 እያለ ሲሄድ 30ኛው 95 ነው አይደል?

መልስ፦ ከላይ አላነበብክም ማለት ነው።

ተማሪ ከኩታበር፦ እኔ ልመልስለት ጋሼ። 29 በ3፣ 87። 5 ሲጨመር 92። ወንድሜ፣ ክፍተቱን ቁጠር።

መልስ፦ ተባረክ። በሉ፣ በረካው ቀርቧል።