ሙዚቃውን ማን ያቆመዋል?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በኢንሹራንስ ሥራ ነው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው አንድ መጥፎ አመል ያወጣል፤ ድግስ በተጠራ ቁጥር ሰማይ ሰማዩን ያያል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ስፔን ገጠር ድግስና ድግሱ ላይ ስለሚወርድ በረዶ ነው። መድረክ የምትተክሉ፣ ሕዝብ የምትጠሩ ካላችሁ በተለይ ስሙኝ።

የስፔን መንደር አብዛኛውን ዓመት ጭር ብሎ ነው የሚከርመው። ወጣቱ ማድሪድና ባርሴሎና ገብቷል። ኦገስት ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ አያቶቹ ቤት ይመለሳል። ኦገስት 15 የማርያም ዕርገት ነው፣ በማግስቱ ደግሞ ሳን ሮኬ የሚባለው ቅዱስ በዓል። ብዙ መንደር ፊዬስታውን፣ ማለትም ዓመታዊ ድግሱን፣ የሚያደርገው በእነዚህ ቀናት ዙሪያ ነው። አደባባዩ ላይ መድረክ ይቆማል፣ ድንኳን ይዘረጋል፣ መኪና በየጥጋጥጉ ይደረደራል።

የበረዶ ወቅትም ያው ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ታቃጥለዋለች። ከሜዲትራኒያን እርጥብ አየር ይገባል። ከላይ ያለው አየር ከቀዘቀዘ ሞቃቱ ሽቅብ ይወነጨፋል። ይህ ሽቅብ ነፋስ በረዶውን ቶሎ እንዳይወድቅ ደግፎ ይዞ ያሳድገዋል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር በረዶውም ይገዝፋል። ብዙውን ጊዜ ደመናው የሚበስለው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው። ኦርኬስትራው ድምፅ ማጉያውን የሚፈትሸውም ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2022 ካታሎኒያ ውስጥ ላ ቢስባል ደምፖርዳ በምትባል ከተማ የአንዱ ፍሬ ስፋት ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ በረዶ ወረደ። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ሞተች። 50 ያህል ሰው ተጎዳ። ማክሰኞ አመሻሽ ነበር። ያው ደመና አደባባዩ ጢም ባለበት ምሽት ቢመጣስ? በዚያው ወር 13ኛው ቀን ደግሞ ቫሌንሲያ አካባቢ ኩሌራ ላይ፣ ሜዱሳ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ ድንገተኛ ነፋስ ሌሊት የመድረኩን አካል ገንጥሎ አንድ ወጣት ገደለ፤ በርካቶችን አቆሰለ።

የድሮ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ካስቲያ ውስጥ ደመና ለመበተን ደወል ይደወል ነበር። በአራጎን ተራሮች ቄሱ ቆሞ ማዕበሉን የሚገዝትባቸው ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ። (በረዶ መላሽ ደብተራ በነበረበት አገር ተወልደን በዚህ መሳቅ አንችልም።) ዛሬም በረዶውን ለመከላከል ወደ ሰማይ መድፍ የሚተኩስ ገበሬ አለ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ይላል።

ገበሬው የሚሻል ነገርም አለው። በ1978 የወጣ ሕግ አለ፤ ገበሬው ለሰብል ኢንሹራንስ ከሚከፍለው ገንዘብ (አረቦን) መንግሥት ከፊሉን ይከፍላል። ወይኑ በበረዶ ቢረግፍ፣ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ካሣ ያገኛል። ለአደባባዩ ሕዝብ ግን ካሣ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ነው ምክሬ። የስፔን ሜትሮሎጂ ድርጅት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ጠዋት ላይ ግን የትኛው መንደር እንደሚመታ የሚነግራችሁ የለም። ራዳር ደመናውን ሲያሳያችሁ የሚቀራችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። በዚያች ጊዜ ኮሚቴ አይሰበሰብም። ከንቲባው ሕዝቡን ማስከፋት አይፈልግም፣ ባለ ቡና ቤቱ ቢራውን አስገብቷል፣ ዘፋኙ ከሩቅ መጥቷል። ሁሉም «ትንሽ እንጠብቅ» ይላል። ክፋት የለበትም፤ እኔም ብሆን እላለሁ።

ስለዚህ የሚያቆመውን ሰው ከሳምንት በፊት በስም ምረጡ። ከድግሱ ገንዘብ የማያገኝ ይሁን። ነጎድጓድ ከተሰማ ማንንም ሳያስፈቅድ ሙዚቃውን ያቋርጥ። ማይክ የያዘው ልጅ የሚያነበውን ጽሑፍ ቀድማችሁ ጻፉለት፦ ቤተ ክርስቲያኑና የስፖርት አዳራሹ ክፍት ናቸው፣ ድንኳን ሥር አትጠለሉ፣ መኪና ለማንሳት አትሩጡ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለም እወቁ። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ቁልፍ ያዡ ራሱ ሊጨፍር መጥቶ ይሆናል።

ከዘፋኙ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢቋረጥም ክፍያው እንደማይቀርበት በግልጽ አስፍሩ። ገንዘቡን እንደማያጣ ያወቀ ሰው ከመድረክ ውረድ ሲባል አይከራከራችሁም።