ቁልቁል ስለተሰቀለው ሰው ጠይቁኝ፦ የታሮት 12ኛው ካርድ

ታሮት ሰዎች ለጨዋታም ዕድል ለማንበብም የሚጠቀሙባቸው ባለ ሥዕል ካርዶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ስለ አንዱ ነው። በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ስለተንጠለጠለው ወጣት። እኔም የዚህ ካርድ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ልቤን ይዞት ኖሯል። ስለዚህ የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ካርድ ስታነብልኝ ይሄ ወጣ። ሰው ይሞትብኛል ማለት ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አይዞሽ እህቴ፣ እንደዚያ የሚል ነገር የለውም። እስቲ ካርዱን እንደገና አውጪና ፊቱን ብቻ እይው። ዛሬ አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመው ነው። እሱ ላይ ልጁ ፊቱ ረጋ ያለ ነው፤ አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ጭንቅላቱ ዙሪያ ቅዱሳን ሥዕሎች ላይ እንደምናየው ያለ ብርሃን አለ። የታሰረበት እንጨት ደግሞ ቅጠል አውጥቷል፤ ማለትም ሕይወት ያለው ዛፍ ነው። ካርዱን ያዘጋጀው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ራሱ ሥዕሉ የሚያሳየው ለጊዜው የቆመ ሕይወት እንጂ ሞት እንዳልሆነ ጽፏል። ካርድ አንባቢዎችም ብዙውን ጊዜ «ቆም በይ፣ አትቸኩዪ፣ ነገሩን ከሌላ ጎን እይው» ብለው ነው የሚፈቱት። አንዳንዴ ደግሞ ወደሽ የምትተዪው፣ ለሌላ ብለሽ የምትለቂው ነገር አለ ይላሉ። ተኚ በሰላም።

ጥያቄ፦ እሺ ሞት አይደለም። ግን ሰውን ቁልቁል መስቀል ምን የሚሉት ነው? ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የካርዱ ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታሮት የተወለደው ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ነው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከተሞች አንድ የከፋ ቅጣት ነበራቸው። ከሃዲ፣ ዕዳውን ክዶ የጠፋ፣ ከጠላት ጋር ያበረ ሰው ካመለጣቸው ሥዕሉን በአደባባይ ግድግዳ ላይ ያስሥላሉ። ብዙ ጊዜ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ቁልቁል። ሰውየውን ባይዙት ስሙን ያዙት ማለት ነው። ልጆቹና ዘመዶቹ በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር ያዩታል፤ ክብር ከገንዘብ በላይ በሆነበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፍሎረንስ ውስጥ በ1440 የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት የፍሎረንስ ጦር አንጊያሪ በተባለ ቦታ የሚላንን ጦር ድል አደረገ። ከሚላን ጋር ያበሩ የራሷ የፍሎረንስ ስደተኞች ነበሩና አንድሬያ ዴል ካስታኞ የተባለው ሠዓሊ የእነሱን የተሰቀለ ምስል በሕዝብ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሣለ። ከዚያ በኋላ ቅጽል ስሙ «የተሰቀሉት ሰዎች አንድሬያ» ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ጁስቶ ጁስቲ የተባለ፣ ራሱ የአንጊያሪ ሰው፣ ለአንድ መስፍን የታሮት ካርታ እንደሰጠ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ስለ ታሮት ካሉን ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። እንግዲህ ካርታውን የሚጫወቱት ሰዎችና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚያዩት ሰዎች የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። ያንን ካርድ እጃቸው ላይ ሲያገኙ ማን እንደሆነ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም ነበር። ጣሊያኖቹም በድሮ ጊዜ «ከሃዲው» ነበር የሚሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌም ይገርመኛል። እጅግ የታወቀው ጥንታዊ ታሮት የሚላን መስፍን የነበረው የፍራንቼስኮ ስፎርዛ ቤተሰብ ንብረት የነበረው ነው። የዚህ ሰው አባት ሙዚዮ አቴንዶሎ ስፎርዛ የጦር አዛዥ ነበር። ወገኑን ሲቀይር በዚያን ጊዜ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳሳት (ፖፕ) ነኝ ይል የነበረው ዮሐንስ 23ኛ (በኋላ ሕጋዊ አይደለም የተባለው) ሮም ላይ ልክ እንዲህ ቁልቁል አንጠልጥሎ አሣለው። ልጁ መስፍን ሆነ፤ በወርቅ ባሸበረቀው የቤቱ ካርታ ውስጥ ግን ያው ምስል አለ። በዚያ ካርድ ላይ ያለው ወጣት እጆቹ ከኋላ ናቸው፣ ፊቱም ጸጥ ያለ ነው። ቤተሰቡ ያንን ካርድ ሲያነሳ ምን ይሰማው እንደነበር ባውቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ይሁዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ አንድ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣሊያን ታሮት አለ። በእሱ ላይ የተሰቀለው ሰው በሁለት እጁ የገንዘብ ከረጢት ይዟል። ከሃዲና የገንዘብ ከረጢት አንድ ላይ ሲመጡ ክርስቲያን የሆነ ሰው ማንን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ግን ከረጢቱ ለማንኛውም በጉቦ ለተሸጠ ሰው ይሆናል። እኔ «ይሁዳን ያስታውሳል» እላለሁ፣ «ይሁዳ ነው» አልልም።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ጴጥሮስስ? እሱም ቁልቁል ነው የተሰቀለው።

ሐምሌ 5ን የሚያከብር ሰው ይህን ቢጠይቅ አይገርምም። ጴጥሮስ ግን «እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም» ብሎ ራሱ ለምኖ ነው በመስቀል ላይ ቁልቁል የተሰቀለው። የካርዱ ሰው መስቀል የለውም፤ በአንድ እግሩ በገመድ ነው የተንጠለጠለው፣ ሌላኛው እግሩ ታጥፎ ከኋላ ተሻግሯል። በመነሻቸው አይገናኙም። ሆኖም የኋለኛው ዘመን ሰዎች ለካርዱ የሰጡት ትርጉም፣ ማለትም ወዶ ዝቅ ማለት፣ ለጴጥሮስ ታሪክ ቅርብ ነው። ስለዚህ ይህን ማሰብህ ጥሩ ዓይን ነው።

ጥያቄ፦ ታሮት ከጥንት ግብፅ ነው የመጣው ይላሉ። አንተ ለምን ጣሊያን ትላለህ?

የግብፁ ታሪክ የተጀመረው ፓሪስ ውስጥ በ1781 ነው። ኩር ደ ዤብላን የተባለ ምሁር ካርታው የግብፅ ካህናት ጥበብ ነው ብሎ ጻፈ። የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ሻምፖሊዮን የፈታው በ1822 ነው! ዤብላን ሲጽፍ አንድም ሰው የግብፅን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም ነበር። ስለኛ ካርድም አስገራሚ ነገር ብሏል። በጥንቱ ትምህርት አራት ዋና ዋና በጎ ምግባሮች አሉ፤ ካርታው ውስጥ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት አሉ፣ አራተኛዋ አስተዋይነት ብቻ ጎድላለች። እንግዲያው ይሄ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን የት ላሳርፍ ብሎ የሚያስብ አስተዋይ ሰው ነው፣ አታሚው ነው ገልብጦ ያበላሸው አለ። ሐሳቡ ያምራል። ግን ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ የቀደሙት ካርዶች ላይም ሰውየው ቁልቁል ነው።

ታሮት ለረጅም ዘመን መጫወቻ ነበር። እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ነው ጣሊያኖቹ የተጫወቱት፤ ፈረንሳይና ኦስትሪያ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል። ጥንቆላው በሰፊው የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የ1909ኙን ማን ሣለው?

ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። ለንደን ተወልዳ በልጅነቷ ጃማይካም የኖረች ሠዓሊ ናት። ሥራውን ስትጨርስ ለአንድ ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በጣም ትንሽ በሆነ ገንዘብ እንደሠራች ነግራዋለች። ካርዱ ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በአሳታሚውና በዌይት ስም ነበር፣ እሷ ግን በ1951 እንግሊዝ ውስጥ በድህነት አረፈች። ይሄ ያናድደኛል። ዛሬ ዓለም «ታሮት» ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የእሷን መስመር ነው። ካርዱ ጥግ ላይ የተጠላለፉ ፊደሎች ታያላችሁ፤ ፊርማዋ ነው። የከሃዲውን ሥዕል ወስዳ ያን የረጋ ፊት የሣለችው የእሷ እጅ ናት።

ጥያቄ፦ ተገልብጦ ሲወጣስ?

ያን ጊዜ ሰውየው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። አንባቢዎች ብዙውን ጊዜ «በከንቱ የምትከፍለው መሥዋዕትነት» ወይም «መልቀቅ ሲገባህ ግግም ማለት» ይሉታል። የተገለበጠ ካርድ ጨርሶ የማይቆጥሩም አሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነኝ፣ የወረቀት ጉዳዬን እየጠበቅኩ ነው። ይሄ ካርድ ሲወጣልኝ «ጠብቂ» ነው አሉኝ። ጠበቃዬ ግን ቀነ ገደብ አለ፣ ቶሎ አስገቢ ይለኛል። የቱን ልስማ?

ጠበቃሽን። አሁኑኑ። እህቴ፣ በወረቀት ጉዳይ ቀን ካለፈ ካርድ አይመልሰውም። ሥዕሉ ስለ ራስሽ እንድታስቢ ሊረዳሽ ይችላል፤ ስለ ሕግ ግን ምንም አያውቅም። ስትጠብቂ የሚሰማሽን ጭንቀት ይህ ሥዕል ከገለጸልሽ ጥሩ ነው፣ እዚያ ላይ ይብቃ። ዛሬ ፋይልሽን አስገቢ።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር ከአውደ ነገሥት በምን ይለያል? ኃጢአት አይደለም?

አውደ ነገሥት በስም ቁጥርና በኮከብ ይሠራል፣ ታሮት በዕጣ በወጣ ሥዕል። መንገዳቸው ይለያያል፤ ሁለቱንም ሰው የነገውን ለማወቅ ይጠቀምባቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን አጥብቃ እንደምትከለክል ታውቃለህ፣ በዚህ ላይ እኔ የተለየ ፍርድ አልሰጥም፤ የነፍስ አባትህን ጠይቅ። የካርዱን ታሪክና ሥዕሉን ማጥናት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚስበኝም እሱ ነው፤ የውርደት ሥዕል የነበረ ምስል በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የትዕግሥት ምስል መሆኑ።

ጥያቄ፦ ለምን 12 ቁጥር?

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ቁጥርም ስምም አልነበራቸውም። ቅደም ተከተሉም ከከተማ ከተማ ትንሽ ይለያይ ነበር። በኋላ በጸናው አቆጣጠር 12 ላይ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ 13 ሞት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጥንታዊዎቹን በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

የስፎርዛው ካርታ ለሦስት ተከፍሏል። ከተረፉት 74 ካርዶች 35ቱ ኒውዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ናቸው፣ 26ቱ ጣሊያን ቤርጋሞ አካዴሚያ ካራራ፣ የቀሩት 13 የአንድ ቤተሰብ ንብረት። ሁልጊዜ ለእይታ አይወጡምና ከመሄድህ በፊት ደውለህ ጠይቅ። የአንድሬያን የግድግዳ ሥዕል ግን አትፈልግ፤ ከተማዋን ይገዙ የነበሩት የሜዲቺ ቤተሰቦች ከፍሎረንስ ሲባረሩ በ1494 ጠፍቷል።