ለኮብልስቶን አዋጣን፤ መንገዱ ግን «በዕቅድ አልተያዘም» ተባልን

ባለፈው ሳምንት ጡረታ ከወጡ አንዲት መምህርት ረጅም ደብዳቤ ደረሰኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ በአንዷ ነው የሚኖሩት። በየትኛዋ እንደሆነ አልናገርም። ሰፈሩንና ቢሮውንም አልጠቅስም። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ መንገዱን ጠርጎት ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. 64 ቤተሰብ ተሰብስበን ኮሚቴ መረጥን። ለኮብልስቶንና ለውኃ መውረጃ ቦይ በየቤቱ 3,500 ብር አዋጣን። በስብሰባው ላይ የተገኙት ኃላፊ ‹እናንተ ድርሻችሁን አስገቡ፣ ቀሪውን እኛ እንሸፍናለን› ብለው ቃል ገቡ። እኛም አጨበጨብን። እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አልተነጠፈም። አሁን ደግሞ ‹የዕቃ ዋጋ ጨምሯል፣ በየቤቱ 4,000 ብር ጨምሩ፤ ለዘንድሮ ግን በዕቅድ አልተያዘም› አሉን። መዋጮ ያልከፈለ ጎረቤቴ ከቀበሌ ማስረጃ ቢጠይቅ ‹መጀመሪያ ክፈል› ተባለ። መንገዱ ሲሰፋ የእኔም አጥር አንድ ሜትር ተኩል ይገባል ብለውኛል። መንገዱን በሕግ ማሠራት እንችላለን? ብራችንስ ይመለሳል? ለአጥሬስ ካሣ ይገባኛል?»

እትዬ፣ ጥያቄዎ ሦስት ነው። መልሱ ግን ያለው እግረ መንገድዎን ባነሷት በአንዲት ሐረግ ላይ ነው። «በዕቅድ አልተያዘም» የምትለዋ። ከእሷ ልጀምር።

ከተማ ሁለት ዓይነት በጀት አለው። አንዱ መደበኛ በጀት ነው። ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት ዕቃ በእሱ ይሸፈናል። ሌላው የካፒታል በጀት ነው። መንገድ፣ ድልድይ፣ ቦይ፣ የገበያ ሼድ፣ ቄራ የሚሠራው በዚህኛው ነው። የካፒታል ሥራ ደግሞ ዝም ብሎ አይጀመርም። የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። የቢሮ ሰዎች «ሲአይፒ» ይሉታል። የሦስት ዓመት ዕቅድ ነው። በየዓመቱ ያለፈው ዓመት ይወጣና ከፊት አዲስ ዓመት ይጨመርበታል። ከየሰፈሩ የመጣው ጥያቄ ይሰበሰባል፣ በቅደም ተከተል ይደረደራል፣ መሐንዲስ ግምት ያወጣለታል፣ ከተማው ያገኛል ከተባለው ገቢ ጋር ይመዛዘናል። በመጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ የዓመቱ በጀት ውስጥ ይገባል። የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው።

ይህ አሠራር በከተሞቻችን ሥር የያዘው በአብዛኛው በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱ ፕሮግራሞች ነው። ዩኤልጂዲፒ የሚባለው የከተሞች ልማት ፕሮግራም በሁለተኛው ዙር 44 ከተሞችን ይዞ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የተከተለው ዩአይአይዲፒ የተባለው የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ቁጥሩን ወደ 117 አሳደገው። ደሴና ኮምቦልቻ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ ምዘና ተደርጎ ነው። ዕቅዱን በወጉ ያላዘጋጀ፣ ሒሳቡን ያላስመረመረ ከተማ ይቀነስበት ነበር። ስለዚህ ለቢሮው ሰው ዕቅዱ ከባድ ነገር ነው። ከዕቅድ ውጭ ብር ማውጣት ያስጠይቀዋል። ስብሰባ ላይ ቃል የገቡት ኃላፊ ልባቸው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን በራሳቸው ቃል ብቻ አንድ ሜትር መንገድ ማሠራት አይችሉም።

ብሩ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ አንዱ የከተማው የራሱ ገቢ ነው፦ የመሬት ሊዝ፣ የሱቅና የቤት ኪራይ፣ የፈቃድና የአገልግሎት ክፍያ። ሌላው ከክልሉ የሚመጣ ድጎማ ነው። ፕሮግራም ሲኖር የፕሮግራም ገንዘብም ይጨመራል። የመንገድ ፈንድ የሚባለውም አለ፤ እሱ ግን በዋናነት ያለውን መንገድ ለመጠገን ነው እንጂ አዲስ ለመሥራት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። የከተሞችን የራስ ገቢ ለማሳደግ የታሰበ ነው። የነዋሪው መዋጮ ከእነዚህ ሁሉ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው። የእናንተን ላስላው፤ 64 ቤት በ3,500 ብር 224,000 ብር ይሆናል። ለሰፈሩ ብዙ ብር ነው፤ ከስንት ሰው ጉሮሮ እንደተቆረጠ አውቃለሁ። ለመንገድ ግን መነሻ እንጂ መጨረሻ አይሆንም። ቀሪው ከከተማው ካዝና ነው የሚመጣው። ካዝናው የሚከፈተው ደግሞ በዕቅዱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። መንገዱን በሕግ ማስገደድ ይቻላል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ አካባቢያቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳባቸውን የመስጠት መብት አላቸው ይላል። ይህ የመሰማት መብት ነው። ፍርድ ቤት ግን «ይህን መንገድ ከዚያኛው አስቀድሙ» ብሎ ለከተማው አያዝም። ቅደም ተከተል መወሰን የምክር ቤቱ ሥራ ነው።

ውል ካለ ነገሩ ይለያል። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1724 ይያዙልኝ። መንግሥትን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊትም መመዝገብ አለበት ይላል። የስብሰባ ቃል፣ ጭብጨባ፣ በስልክ የተባለ ነገር ውል አይሆንም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይከፋዋል። እኔም ይከፋኛል። በወሎ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ከወረቀት ይበልጣል ተብለን ነው ያደግነው። ከቢሮ ጋር ሲሆን ግን ይህ አይሠራም።

ስለዚህ ኮሚቴው እጅ ምን እንዳለ ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤ አለ? ኃላፊው ፈርመውበታል? መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት የስምምነት ሰነድ አለ? ቃለ ጉባኤ ብቻ ከሆነ ክስ አያሸንፍም፤ ለአቤቱታ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው። የተፈረመና የተመዘገበ ስምምነት ካለ ደግሞ በመጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። የሚፈጸምበትን ቀን ያስቀምጡ። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ክስ መሮጥን አይወድም።

ብሩ ይመለሳል ወይ ላሉት፣ መልሱ ብሩ አሁን ባለበት ቦታ ይወሰናል። በኮሚቴው ስም ባንክ ተቀምጦ ከሆነ ቀላል ነው። ገንዘቡ የአዋጪዎቹ ነው፤ ኮሚቴው ለተዋጣበት ዓላማ ብቻ ነው ሊያውለው የሚችለው። ፈራሚዎቹ ከባንክ የሒሳብ መግለጫ ያውጡና በጠቅላላ ስብሰባ ያንብቡት። ይመለስ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን አዋጪው በድምፅ ይወስን። ብሩ ወደ ከተማው ሒሳብ ገብቶ ከሆነ ግን የመንግሥት ደረሰኝ የግድ ነው። ደረሰኝ ካለ፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ገንዘብ የበለጸገ ይመልስ የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2162 መነሻ ይሆናችኋል። የጊዜው ነገር አያስጨንቅዎት። የውል ጉዳይ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ደረሰኝ ሳይቀበሉ በጥሬ ብር ለግለሰብ የሰጡ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ማስረዳቱ በጣም ከባድ ነው። አሁኑኑ ምስክር የሚሆኑትን ሰዎች ስም ይያዙ።

ስለ አዲሱ 4,000 ብርና ስለ ጎረቤትዎ። መዋጮ መዋጮ ነው፤ ግብር አይደለም። ግብርም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ በሕግ ካልተደነገገ በቀር ማንም ማስከፈል አይችልም። ሥልጣን ያለው አካል ያጸደቀው የታሪፍ ደንብ መኖር አለበት። መዋጮ ላልከፈለ ሰው ማስረጃ መከልከል ደግሞ ጭራሽ መንገድ የለውም። ማስረጃውና መንገዱ ምን ያገናኛቸዋል? ጎረቤትዎ በቃል አይከራከር። «ማስረጃ የተከለከልኩት በየትኛው ደንብ እንደሆነ ይገለጽልኝ» ብሎ በጽሑፍ ያስገባ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ይፈታል። ካልተፈታ ወደ ከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። ለጎረቤትዎ ግን ይህንንም ንገሩልኝ። ሕጉ ባያስገድደውም ቦዩ ሲሠራ ጎርፉ ከእሱም በር ላይ ነው የሚመለሰው።

አጥሩ ለብቻው ጉዳይ ነው። የመሬት ማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመለከተዋል። መጀመሪያ የይዞታ ካርታዎን አውጥተው ይለኩ። አጥሩ ከካርታው ወደ መንገዱ ወጥቶ የተሠራ ከሆነ ለመሬቱ ካሣ አይኖርም። በካርታዎ ውስጥ ከሆነ ግን ከመነሳትዎ በፊት ሊያማክሩዎት፣ ግምት ሊያወጡ፣ ካሣውንም ቀድመው ሊከፍሉ ይገባል። አዋጁ ከቦታው የሚነሳ ሰው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲያውቅ ይላል። የማስለቀቂያ ትእዛዙ በእጅዎ ከገባ በኋላ ቅር ካለዎት በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቅርቡ። ይህችን 30 ቀን ስንቱ ሰው እንዳሳለፋት አይቻለሁ። አደራ፣ ቀኗን ይቁጠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈር መንገድ ላይ ብዙ ሰው «ለልማት ነው» ብሎ ቦታውን በነፃ ይለቃል። መልካም ነው፤ እርስዎም ከፈለጉ ይልቀቁ። ግን «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦልዎ ሳያነቡ አይፈርሙ። ቢያንስ አጥሩንና በሩን መልሰው እንደሚሠሩልዎ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አሁን ዋናው ሥራ ይህ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ኮሚቴው በደብዳቤ እነዚህን ይጠይቅ፦ የጸደቀውን የሦስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ፣ የዘንድሮውን የካፒታል በጀት፣ የሰፈሩ መንገድ ተጠንቶ ከሆነ የመሐንዲሱን ግምት። የእናንተ መንገድ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከሆነ «አልተያዘም» ሳይሆን «ተራው አልደረሰም» ነው። የምትጠይቁትም ነገር ይቀየራል፤ ተራችን ከእንግዲህ ወደ ኋላ አይገፋ ትላላችሁ። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ በሚሰበሰብበት በበጋው ወቅት በጽሑፍ አስገቡ፤ ሰኔ ላይ በጀት ሊጸድቅ ሲል መጮኽ አይጠቅምም። የምክር ቤት ተወካያችሁንም ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እኛ ተወካያችንን የምናስታውሰው በምርጫ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጀት ላይ እጅ የሚያወጣው ግን እሱ ነው።

ከሕግ ወጣ ልበልና፣ መጀመሪያ ድንጋዩን ሳይሆን ቦዩን ጠይቁ። የደሴን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ውኃው መሄጃ ካላገኘ ኮብልስቶኑን በአንድ ክረምት ነቅሎ ይጥለዋል። ያኔ ድጋሚ መዋጮ ነው። ቦዩን ብቻ ለይታችሁ ብታስገምቱ 224,000 ብራችሁ ትልቅ ድርሻ ሊሸፍን ይችላል። «የኛ ድርሻ ባንክ አለ፣ መግለጫውም ይኸውና» ብሎ የሚቀርብ ሰፈር ደግሞ ባዶ እጁን ከሚቀርበው በተሻለ ይሰማል።

4,000ዋን ብር አሁን አይክፈሉ። መጀመሪያ የሥራው ስም፣ ዓመቱና ግምቱ የሰፈረበት የጸደቀ ዕቅድ ይምጣ። ከዚያ የእናንተና የከተማው ድርሻ በብር የተጻፈበት ውል በሕጉ መሠረት ይመዝገብ። ያኔ ይክፈሉ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

ደብዳቤውን ሲያስገቡ በሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ይስጡ፤ ሌላው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉና ቤት ያስቀምጡት። መሥሪያ ቤቱ ለመረጃ ጥያቄው መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።